ሳንሱር ያልሰረዘው ድምፅ፦ የ«ፊንላንዲያ» ፖለቲካዊ አመጣጥ

የአገር ፍቅርን ለመግለጽ የተደረሱ የሙዚቃ ሥራዎች በየአገሩ ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ግን የተደረሱበት በዓል ሲያልፍ አብረው ያልፋሉ፤ ወይም ከአገራቸው ድንበር ሳይወጡ ይቀራሉ። የፊንላንዱ የሙዚቃ ደራሲ ዣን ሲቤሊየስ በ1899 የደረሰውና ዛሬ «ፊንላንዲያ» በሚል ስም የሚታወቀው የኦርኬስትራ ድርሰት የገጠመው ዕድል ከዚህ የተለየ ነው። ከስምንት እስከ ዘጠኝ ደቂቃ ብቻ የሚፈጀው ይህ ሥራ ከመቶ ዓመት በላይ ዓለምን ሲዞር ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይሁንና ድርሰቱን የሰማው ሰው ብዙ የመሆኑን ያህል፣ የተወለደበትን ምክንያት የሚያውቀው ጥቂት ነው። ብዙዎች የሐይቆችና የጥድ ደኖች፣ የበረዶና የረጅም ክረምት ሥዕል አድርገው ይቀበሉታል። ሙዚቃውም አድማጩ ያሻውን እንዲያይበት ይፈቅዳል። ታሪኩ ሲመረመር ግን የድርሰቱ መነሻ የጋዜጦች መታገድ ሆኖ ይገኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማውም ለጋዜጠኞች ጡረታ ገንዘብ ለማሰባሰብ ተብሎ በተዘጋጀ ምሽት፣ ለመድረክ ትርኢት ማጀቢያ ሆኖ ነበር። የጋዜጣ ሰው ቃሉን በተነጠቀበት ሰዓት ቃል የሌለው ሙዚቃ እንዴት ሊናገርለት እንደቻለ ለመረዳት፣ ታሪኩን ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል።

የዛሩ ቃል ኪዳን

ፊንላንድ ለስድስት መቶ ዓመት ያህል በስዊድን መንግሥት ሥር ኖራለች። በ1808 በተቀሰቀሰው ጦርነት ስዊድን በመሸነፏ፣ በ1809 አገሩን ለሩሲያ ለቀቀች። በዚያው ዓመት በማርች ወር የመኳንንቱ፣ የካህናቱ፣ የከተሜውና የባለርስቱ ገበሬ ተወካዮች በፖርቮ ከተማ በተሰበሰቡበት ጊዜ፣ ዛር ቀዳማዊ አሌክሳንደር በመካከላቸው ተገኝቶ ሃይማኖታቸውን፣ መሠረታዊ ሕጋቸውንና መብታቸውን እንደሚያከብር ቃል ገባላቸው። ከዚህም የተነሳ ፊንላንድ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ውስጥ ብትሆንም፣ ዛሩ በታላቅ መስፍንነት ማዕረግ የሚገዛት፣ የራሷ ሕግና የራሷ ሴኔት ያላት ልዩ ግዛት ሆነች። ከ1860 ጀምሮም የራሷ ገንዘብ ነበራት።

ይህ የቃል ኪዳን ዘመን የፊንላንዳውያን ብሔራዊ ስሜት ያደገበት ዘመን ነው። ሐኪሙ ኤልያስ ሎንሮት ከገጠር አዝማሪዎች አንደበት ሰብስቦ ያቀናበረው «ካሌቫላ» የተባለው ባለ ታሪክ ግጥም በ1835 ታተመ፤ ሰፍቶና ታርሞም በ1849 እንደገና ወጣ። ፈላስፋውና ጋዜጠኛው ዮሃን ቪልሄልም ስኔልማን የፊንላንድኛ ቋንቋ የትምህርትና የመንግሥት ሥራ ቋንቋ እንዲሆን ታገለ። በ1863 ዛር ዳግማዊ አሌክሳንደር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሳይጠራ የቆየውን የመደቦቹን ምክር ቤት ጠራ፤ ፊንላንድኛም ከስዊድንኛ ጋር በየደረጃው እኩል የሥራ ቋንቋ እንዲሆን አዘዘ። ሕዝቡም ውለታውን አልረሳም። ዛሩ ከሞተ በኋላ በ1894 በሄልሲንኪ ዋና አደባባይ ሐውልት አቆመለት። ከሐውልቱ ሥርም ሕግን የምትወክል፣ ጋሻ የያዘች ሴት ምስል ቆመች።

በሴንት ፒተርስቡርግ ያለው አስተሳሰብ ግን በዘመኑ መጨረሻ ተለወጠ። ልዩ ልዩ መብት ያላቸው ግዛቶች ለመንግሥቱ አንድነት አደጋ ናቸው የሚለው ወገን በረታ። በ1898 ጄኔራል ኒኮላይ ቦብሪኮፍ የፊንላንድ ጠቅላይ ገዥ ሆኖ ተሾመ። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1899 ደግሞ ዛር ዳግማዊ ኒኮላስ ያወጣው ማኒፌስቶ የንጉሠ ነገሥቱን ግዛት በአጠቃላይ በሚመለከት ጉዳይ ሁሉ የመጨረሻው ሥልጣን የሩሲያ መንግሥት እንዲሆን፣ የፊንላንድ ምክር ቤትም አስተያየት ከመስጠት እንዳያልፍ ደነገገ። በፖርቮ የተገባው ቃል በአንድ ወረቀት ፈረሰ።

የሕዝቡ የመጀመሪያ መልስ አመጽ አልነበረም፤ አቤቱታ ነበር። በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ፣ በክረምቱ በረዶ መካከል፣ በበረዶ መንሸራተቻ እየተጓዙ ከመንደር ወደ መንደር ወረቀት ያዞሩ ሰዎች 522,931 ፊርማ ሰበሰቡ። ይህም ከጠቅላላው ሕዝብ አንድ አምስተኛው ያህል መሆኑ ነው። አቤቱታውን ለማቅረብ 500 ሰዎች ወደ ሴንት ፒተርስቡርግ ተጓዙ። ዛሩ ሊቀበላቸው አልፈቀደም። በሄልሲንኪ ደግሞ ሕዝቡ በዳግማዊ አሌክሳንደር ሐውልት ሥር አበባ ያኖር ጀመር። የሞተውን ዛር በማክበር በሕይወት ያለውን መውቀስ በሕግ የሚያስጠይቅ ወንጀል አልነበረምና ይህን ማንም ሊከለክል አልቻለም። ይህ የአበባ ተቃውሞ ወደ ኋላ የ«ፊንላንዲያን» ትርጉም ለመረዳት ቁልፍ ይሆናል።

የጋዜጠኞቹ ምሽት

ከማኒፌስቶው በኋላ የቦብሪኮፍ በትር በመጀመሪያ ያረፈው በፕሬሱ ላይ ነው። ቅድመ ምርመራው ጠበቀ፤ አንዳንዱ ጋዜጣ ለጊዜው ታገደ፤ አንዳንዱም ፈጽሞ ተዘጋ። ጋዜጣ ሲታገድ ደግሞ የሚዘጋው ሐሳብ ብቻ አልነበረም። አዘጋጁ፣ ዘጋቢውና የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ እንጀራቸውን ያጡ ነበር።

የሄልሲንኪ ጋዜጠኞችና አርቲስቶች ለዚህ ያገኙት ዘዴ ብልሃት ያለው ነው። ከኖቬምበር 3 እስከ 5 ቀን 1899 ድረስ «የፕሬስ ቀኖች» የተባለ በዓል አዘጋጁ። የበዓሉ ዓላማ ለጋዜጠኞች ጡረታ የሚሆን ገንዘብ ማሰባሰብ እንደሆነ ተነገረ። ለጡረታ ገንዘብ ማዋጣት ምን ጊዜም የተፈቀደ ነው። በአማርኛ ቅኔ አነጋገር የጡረታው ገንዘብ ሰሙ፣ ለታፈነው ፕሬስ የሚሰጠው ድጋፍ ወርቁ ነበር። ይህንንም ወደ አዳራሹ የገባው ሰው ሁሉ ያውቀው ነበር።

የበዓሉ ዋና ምሽት ኖቬምበር 4 ቀን በሄልሲንኪ በሚገኘው የስዊድንኛ ቲያትር ቤት ተካሄደ። ከዝግጅቱም ዋናው ክፍል የአገሪቱን ታሪክ በስድስት ሕያው ሥዕሎች ማሳየት ነበር። ሕያው ሥዕል የሚባለው ተዋንያን ልብሰ ተውኔት ለብሰው፣ ሳይናገሩና ሳይንቀሳቀሱ እንደ ሥዕል በመድረክ ላይ ቆመው የሚታዩበት፣ በዚያ ዘመን በጣም የተወደደ የትርኢት ዓይነት ነው። ግጥሙን ኤይኖ ሌይኖና ያልማሪ ፊኔ ጻፉ፤ ሌይኖ ራሱ የ«ፓይቫሌህቲ» ጋዜጣ ሰው ነበር። ዝግጅቱን የመራው የፊንላንድኛ ቲያትር መሥራች ካርሎ ቤርግቦም ነው። ሙዚቃውን እንዲደርስ የተጠየቀው ደግሞ የ33 ዓመቱ ዣን ሲቤሊየስ ነበር።

ሲቤሊየስ በ1865 በሃሜንሊና ከተማ ከሐኪም አባት ተወለደ። የቤቱ ቋንቋ ስዊድንኛ ሲሆን፣ የተማረው ግን በፊንላንድኛ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ነው። በሄልሲንኪ፣ በበርሊንና በቪየና የሙዚቃ ትምህርቱን ከተከታተለ በኋላ፣ በ1892 ከ«ካሌቫላ» ታሪክ የተወሰደውን «ኩሌርቮ» የተባለ ታላቅ ሥራ አቀረበ፤ በዚያው ዓመትም አይኖ ያርኔፌልትን አገባ። የያርኔፌልት ቤተሰብ ለፊንላንድኛ ቋንቋ ከቆሙት ግንባር ቀደም ቤተሰቦች አንዱ ነበር። በ1899 የጸደይ ወራት፣ ማኒፌስቶው ከወጣ ከሁለት ወር በኋላ፣ ሲቤሊየስ «የአቴናውያን መዝሙር» የተባለ ሥራ አቅርቦ ነበር። የጥንት ግሪኮች ለአገራቸው ያደረጉትን ተጋድሎ የሚያወሳውን ይህን መዝሙር የሄልሲንኪ ሕዝብ የራሱ አድርጎ ተቀበለው። ስለዚህ ጋዜጠኞቹ ወደ ሲቤሊየስ ሲሄዱ ወዴት እንደሚሄዱ ያውቁ ነበር።

ስድስቱ ሥዕሎች በቅደም ተከተል እንዲህ ናቸው። የመጀመሪያው የ«ካሌቫላው» ጠቢብ ቫይናሞይነን ሲዘምር ያሳያል። ሁለተኛው ፊንላንዳውያን በጳጳሱ በሄንሪክ እጅ ሲጠመቁ፣ ሦስተኛው የመስፍን ዮሃንን ቤተ መንግሥት፣ አራተኛው ፊንላንዳውያን በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ያደረጉትን ተሳትፎ የሚያሳዩ ናቸው። አምስተኛው «ታላቁ ጥላቻ» ይባላል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በታላቁ የሰሜን ጦርነት ጊዜ የሩሲያ ጦር ፊንላንድን ይዞ የቆየበትን ዘመን የሚያስታውስ ሲሆን፣ እናት ፊንላንድ በብርድ ከሚንቀጠቀጡ ልጆቿ ጋር በበረዶ ክምር መካከል ተቀምጣ ትታያለች። ስድስተኛውና የመጨረሻው «ፊንላንድ ነቃች» የሚል ነበር። ዛሬ «ፊንላንዲያ» የሚባለው ሙዚቃ የዚህ የመጨረሻ ሥዕል ማጀቢያ ነው።

በመጨረሻው ሥዕል ውስጥ የቆሙት እነማን ናቸው

የድርሰቱ ፖለቲካዊ ትርጉም የሚገኘው በዚህ የመጨረሻ ሥዕል ውስጥ ነው። በመድረኩ ላይ ሰይፍ የመዘዘ አርበኛ አልቆመም። የቆሙት ዛር ዳግማዊ አሌክሳንደር፣ ባለቅኔው ሩኔቤርግ፣ ተማሪዎቹን የሚያስተምረው ስኔልማን፣ ከሕዝብ አንደበት ግጥም የሚሰበስበው ሎንሮት፣ የምክር ቤቱ ተናጋሪዎች፣ የመጀመሪያው የሕዝብ ትምህርት ቤትና በአገሩ የመጀመሪያው ባቡር ናቸው።

እንግዲህ ዛሬ የነፃነት ትግል መዝሙር ሆኖ የሚታየው ሥራ በመጀመሪያው ምሽት አንድ የሩሲያ ዛር በክብር በቆመበት መድረክ ላይ ተሰማ። ነገሩ በመጀመሪያ እይታ እርስ በርሱ የሚቃረን ይመስላል። በአደባባዩ ሐውልት ሥር የተቀመጠውን አበባ ላስታወሰ ግን ግልጽ ነው። በ1899 አብዛኛው ፊንላንዳዊ የጠየቀው ከሩሲያ መገንጠልን አልነበረም። የጠየቀው የተገባለት ቃል እንዲጠበቅ፣ ሕጉ እንዲከበር፣ ጋዜጣው እንዲታተም ነበር። ሕግ ያከበረውን ዛር ከትምህርት ቤቱና ከባቡሩ ጋር በአንድ መድረክ አቁሞ ማሳየት፣ ሕግ ለሚያፈርሰው ዛር ከሁሉ የከበደ ወቀሳ ነበር። ሳንሱሩስ በዚህ ላይ ምን ሊል ይችላል? የዛሩን አባት አባት ምስል ከመድረክ አውርዱ ሊል አይችልም።

ሙዚቃውስ ምን ይላል? የሚጀምረው በቀንደ መለከት፣ በትሮምቦንና በቱባ ከባድ ድምፅ፣ በቲምፓኒ ነጎድጓድ ታጅቦ ነው። ድምፁ የሚያጉረመርም፣ እንደ ከባድ ድንጋይ የሚጫን ነው። ለዚህም ከእንጨት የተሠሩት የትንፋሽ መሣሪያዎች ጸሎት በሚመስል ዜማ፣ ባለ አውታሮቹም ልመና በሚመስል ቃና ይመልሳሉ። ከዚያም የመለከት ጥሪ ይሰማል፤ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ጨለማው የኤፍ ማይነር ቅኝት ወደ ብሩሁ ኤ ፍላት ሜጀር ይሸጋገራል። በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል ድንገት ጸጥታ ይሆንና እጅግ ቀላል የሆነ፣ ደረጃ በደረጃ የሚወጣና የሚወርድ፣ ማንም ሰው ሊያዜመው የሚችል መዝሙር ይሰማል። ብዙዎች ይህን ዜማ ከሕዝብ ዘፈን የተወሰደ ይመስላቸው ነበር። ሲቤሊየስ ግን ዜማዎቹ ሁሉ የራሱ ፈጠራ መሆናቸውን አጥብቆ ተናግሯል።

ስሙን የቀያየረ ድርሰት

በ1900 ሲቤሊየስ ሥራውን አሻሽሎ ከትርኢቱ ለይቶ ራሱን የቻለ ሲምፎኒያዊ ግጥም አደረገው። ሲምፎኒያዊ ግጥም ማለት ከአንድ ታሪክ፣ ሥዕል ወይም ሐሳብ ተነሥቶ፣ ያለ ዘፋኝና ያለ ቃል፣ በኦርኬስትራ ብቻ በአንድ ተከታታይ ክፍል የሚነገር ድርሰት ነው። በዚያው ዓመት በፓሪስ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ፊንላንድ የራሷ ድንኳን እንዲኖራት ተፈቅዶ ስለነበር፣ የሄልሲንኪ ኦርኬስትራ በሮበርት ካያኑስ መሪነት በስካንዲናቪያ፣ በጀርመን፣ በሆላንድና በቤልጂግ እየተጫወተ ወደ ፓሪስ እንዲጓዝ ታቀደ። ሲቤሊየስም አብሮ ተጓዘ።

ስሙን የሰጠው ሙዚቃ ወዳዱ አክሴል ካርፔላን ነው። ካርፔላን በዚያን ጊዜ ከሲቤሊየስ ጋር ሳይተዋወቅ፣ ስሙን ሳይገልጽ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሩሲያዊው አንቶን ሩቢንሽታይን «ሩሲያ» ብሎ የሰየመውን ሥራ በምሳሌነት ጠቅሶ፣ የሲቤሊየስም ሥራ «ፊንላንዲያ» መባል እንደሚገባው አሳሰበ። ሆኖም ይህ ስም በጉዞው ላይ አልታወጀም። በጀርመንና በፈረንሳይ ድርሰቱ የቀረበው በየቋንቋው «አባት አገር» ተብሎ ነው። ፓሪስ የሰማችው በጁላይ መጨረሻና በኦገስት መጀመሪያ በትሮካዴሮ አዳራሽ ነበር። በ1904 ሲቤሊየስ ራሱ በሩሲያ ግዛት ሥር በነበሩት በታሊንና በሪጋ ሲመራው ደግሞ፣ በፕሮግራሙ ላይ የታተመው ስም «ኢምፕሮምቱ» የሚል ነበር። ይህም የቅጽበት ድርሰት ማለት ነው። ስለ አገርም ሆነ ስለ መንቃት ምንም አይናገርም።

የሳንሱር አቅም የሚለካው በዚህ ነው። ከወረቀቱ ላይ ስሙን ሊሰርዝ ይችላል። ከኦርኬስትራው ውስጥ ግን የትኛውን ኖታ እንደሚሰርዝ ሊያውቅ አይችልም። በ1899 ጋዜጠኛው አንድ ዓረፍተ ነገር በመጻፉ ጋዜጣው ይታገድበት ነበር። ያንኑ ስሜት በትሮምቦን የገለጸው ሙዚቀኛ ግን ምሽቱን በሰላም ቤቱ ገባ።

ከድሉ በኋላ

የቦብሪኮፍ ዘመን በደም ተዘጋ። በ1903 ልዩ ሥልጣን ተሰጥቶት ብዙ ሰዎችን ወደ ስደት የላከው ጠቅላይ ገዥ፣ ጁን 16 ቀን 1904 ኦይገን ሻውማን በተባለ ፊንላንዳዊ በጥይት ተመትቶ በማግሥቱ ሞተ። በዚያው ዓመት «ፓይቫሌህቲ» ለዘለቄታው ሲዘጋ፣ «ሄልሲንጊን ሳኖማት» ተተክቶ ወጣ። በ1905 በሩሲያ የተነሣው አብዮትና በፊንላንድ የተደረገው ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ የፌብሩዋሪው ማኒፌስቶ ሥራ ላይ መዋሉ እንዲቆም አስገደዱ። በ1906ም ሴቶች ጭምር የሚመርጡበትና የሚመረጡበት ፓርላማ ተቋቋመ። ጭቆናው ከ1908 ጀምሮ ዳግመኛ ቢመለስም፣ ዲሴምበር 6 ቀን 1917 ፊንላንድ ነፃነቷን አወጀች።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ለበዓል ንግግር የተመቸ ይሆን ነበር። ነገር ግን ነፃነቱ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ በጃንዋሪ 1918፣ በ1899 በአንድነት አቤቱታ የፈረመው ሕዝብ ቀይና ነጭ ሆኖ ተከፍሎ እርስ በርሱ ተዋጋ። በጦርነቱ፣ በግድያውና በእስር ካምፖቹ ከ36,000 በላይ ሰዎች አለቁ። ሲቤሊየስ ለነጮቹ ወገን የቆመ፣ ለጦራቸውም በ1917 ማርሽ የደረሰ ሰው ነበር፤ ቀዮቹ ዘብ ጠባቂዎችም በያርቬንፓ የሚገኘውን ቤቱን ፈትሸዋል። መላው ሕዝብ በአንድነት ነቃ የሚለውን ሙዚቃ የደረሰው ሰው የዚያን ሕዝብ መከፈል በገዛ ደጃፉ አየ። ጠላት ከውጭ ሲመጣ የሚገኘው አንድነት በመሬትና በእንጀራ ጥያቄ ላይ የግድ እንደማይጸና የፊንላንድ ታሪክ በመራራ ዋጋ አሳይቷል።

«ፊንላንዲያ» ግን ከዚህም ተረፈ። ለመካከለኛው መዝሙር ዋይኖ ሶላ በ1937፣ ገጣሚው ቪ. ኣ. ኮስኬንኒየሚ ደግሞ በ1940 ቃል ጻፉለት። የሁለተኛው ቃል የተጻፈበት ጊዜ ሶቪየት ኅብረት በኖቬምበር 1939 የከፈተችው የክረምት ጦርነት ዘመን ሲሆን፣ በ1918 በተቃራኒ ወገን የተሰለፉ ቤተሰቦች ልጆች በአንድ ምሽግ ውስጥ የተዋጉበት ዓመት ነው። መዝሙሩ የአገሪቱ ኦፊሴላዊ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ አያውቅም፤ ያ ቦታ በ1848 የተደረሰው የፍሬድሪክ ፓሲየስ ዜማ ነው። ቢሆንም በሕዝቡ ልብ ውስጥ ያለው ስፍራ ከዚያ አያንስም።

ዜማው ወደ አፍሪካም ተሻግሯል። በ1967 ከናይጄሪያ ተለይታ የታወጀችው ቢያፍራ የ«ፊንላንዲያን» ዜማ ለብሔራዊ መዝሙሯ መረጠች። በጃንዋሪ 1970 ቢያፍራ በጦርነትና በረሃብ ተሸንፋ ስትጠፋ፣ መዝሙሯም አብሮ ጸጥ አለ። በሰሜን አውሮፓ ሕግ ይከበር ብሎ የጀመረው ሙዚቃ፣ በምዕራብ አፍሪካ የመገንጠል ድምፅ ሆኖ ነበር። ቃል የሌለው ዜማ የቆመለትን ዓላማ ራሱ አይመርጥም፤ የሚመርጡለት የሚያዜሙት ሰዎች ናቸው። ኃይሉም አደጋውም ከዚህ ይመነጫል።

ሲቤሊየስ በሴፕቴምበር 20 ቀን 1957 በ91 ዓመቱ ሞተ። ሰባት ሲምፎኒዎችን የደረሰ ሰው ሲሆን፣ በብዙ አገር የሚታወቀው ግን በዚህች አጭር ሥራ ነው። በኖቬምበር 1899 መድረክ ላይ የቆሙት ተዋንያን፣ ትምህርት ቤቱና ባቡሩ ከዚያ ምሽት አላለፉም። የዚያን ሳምንት ጋዜጦችም ዛሬ በቤተ መዛግብት ውስጥ ይገኛሉ። ያ ሁሉ ሲያልፍ፣ ሥራቸው የታገደባቸው ጋዜጠኞች ለጡረታቸው ገንዘብ ብለው ያስደረሱት ሙዚቃ ግን እስከ ዛሬ ይሰማል።